«ልጄን ካሳ ልበለው ወይስ ናታን?»

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ በማራኪ አካባቢ የምኖር መምህርት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጄን በሰባት ወሩ በሳንባ ምች አጥቻለሁ። አሁን ሁለተኛ ወንድ ልጄን ወልጄ አራስ ነኝ፤ ክርስትናው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሊያርሱኝ ከበለሳ የመጡት የባለቤቴ እናት ሕፃኑን ካዩበት ሰዓት ጀምረው «ካሳ» እያሉ ይጠሩታል፤ «እግዜር ክሶሻል፣ ሌላ ስም አትፈልጊለት» ይሉኛል። እኔ ያሰብኩለት ግን «ናታን» የሚለውን ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ካሳ የሽማግሌ ስም ነው፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ይሳቁበታል አሉኝ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴም «አሁን ካሳ የሚባል ሕፃን የት አየሽ?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ስሙን ስሰማ የመጀመሪያው ልጄ ትዝ ይለኛል። ባለቤቴ የተወለደው ሁለት ልጆች ከሞቱባቸው በኋላ ስለሆነ የእሱም ስም ከዚሁ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን እናቱንም እኔንም ላለማስቀየም ብሎ ዝም ብሏል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ስለ መጀመሪያው ልጅሽም እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሁለት ዓመት ለእንዲህ ያለ ሐዘን አጭር ጊዜ በመሆኑ ደብዳቤሽን ስለ ስም ምርጫ ብቻ የተጻፈ አድርጌ አላነበብኩትም።

በደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው ካሳ የሚለው ስም ጊዜው አልፎበታል ወይ የሚለው ነው፤ አብዛኛውን ቦታ የያዘውም እሱ ነው። ሁለተኛውን «የመጀመሪያው ልጄ ትዝ ይለኛል» ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። ሁለቱንም እመልሳለሁ፤ ነገር ግን አስቀድሜ የማምንበትን ልንገርሽ። ውሳኔውን መወሰን ያለበት በአንድ መስመር ያለፍሽው ነው፤ ባልደረቦችሽና እህትሽ ያነሱት ግን ብቻውን አንድን ስም ለመተው የሚያበቃ ምክንያት አይደለም። ይህን ለማስረዳት ስሙ እንዴት እንደበዛና ለምን እንደቀነሰ በዝርዝር መናገር ስለሚያስፈልግ ትዕግሥትሽን እጠይቃለሁ።

በአማርኛ ተናጋሪው አገር የልጅ ስም ለረጅም ዘመን ይወጣ የነበረው ልጁ በተወለደበት ሰዓት ቤቱ ከነበረበት ሁኔታ ነው። አባቱ ዘመቻ ላይ ሳለ የተወለደ ዘመቻውን፣ ከክፉ ዓመት በኋላ የተወለደ ጥጋቡን፣ ከጠብ በኋላ የተወለደ እርቁን የሚያስታውስ ስም ይሰጠው ነበር። ታደሰ፣ ደሳለኝ፣ አለልኝ፣ ቢያድግልኝ ሲባል ሰሚው ስለዚያ ቤት አንድ ነገር ያውቃል። ሞት የገባበት ቤት ደግሞ የራሱ የስም ወገን ነበረው፤ ካሳ፣ ካሳዬ፣ ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ፣ አስረስ፣ ለሴቶችም ምትኬና ካሳነሽ። የሞተው የግድ ሕፃን መሆን የለበትም። አባቱን ወይም ወንድሙን የቀበረ ሰው፣ አንዳንድ ጊዜም ከብቱን ወይም ርስቱን ያጣ ሰው፣ ቀጥሎ የተወለደለትን ልጅ ካሳ ብሎ ጠርቶታል። ስሙ በበለሳም በደምቢያም በወገራም በየቤቱ ይገኝ የነበረው ኪሳራ በየቤቱ ስለነበረ ነው።

የጎንደር ሰው ስለዚህ ስም ሲናገር የቋራውን ካሳ ሳያነሳ አያልፍም። በ1811 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ማርያም ላይ ተቀብተው ቴዎድሮስ የተባሉት በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የዕድሜያቸውን አብዛኛውን ክፍል፣ በሽፍትነቱም በጦር ሜዳውም፣ የኖሩት ካሳ ተብለው ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ካረፉ በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቆይ የተምቤኑ ካሳ ምርጫ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ፤ እሳቸውም በ1881 ዓ.ም. የወደቁት ከእኛው አገር ከመተማ ነው። ሁለቱም ሲነግሡ ስማቸውን ለወጡ፤ ሕዝቡ ግን አባ ታጠቅ ካሳ፣ አባ በዝብዝ ካሳ ማለቱን አልተወም። በኋለኛው ትውልድም በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሰሜን ግንባር ጦር የመሩት ራስ ካሳ ኃይሉ ይህንኑ ስም የያዙ ነበሩ። አንድ ስም በገበሬው ጎጆም በመኳንንቱ አዳራሽም እኩል መጠራቱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቷን ካስቃጠሉ በኋላ እንኳ በዚሁ አገር ካሳ የተባሉ ልጆች መወለዳቸው አልቀረም።

ዛሬ ግን በአዘዞ ያለው አየር ማረፊያ የተሰየመው በንጉሥነት ስማቸው ነው፤ ልጁን ለእሳቸው መታሰቢያ ስም የሚያወጣ ወላጅም ቴዎድሮስ ይለዋል እንጂ ካሳ አይለውም። ሰውዬው አንድ ሆነው ሳለ አንዱ ስማቸው ወደ ልጆች ተሻገረ፣ ሌላው በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ቀረ።

አንቺ መምህርት ስለሆንሽ የዚህ ለውጥ ማስረጃ በየቀኑ በእጅሽ ነው። የክፍልሽን የስም መጥሪያ ክፈቺና እንደ ወትሮው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከግራ ወደ ቀኝ አንብቢው። በእኛ አገር የቤተሰብ መጠሪያ ስም ስለሌለ እያንዳንዱ ተማሪ ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይመዘገባል፤ ስለዚህ አንዱ መስመር የሦስት ትውልድ ምርጫ ነው። በመጀመሪያው አምድ ናታን፣ አሜን፣ ኤልያብ፣ ባሮክ፣ ኖላዊ ታገኛለሽ። በሁለተኛው ዳንኤል፣ ሰሎሞን፣ ዳዊት፣ ቴዎድሮስ፣ አንዳንዴም አብዮት ይመጣል። በሦስተኛው ሞላ፣ ወርቁ፣ በላይ፣ ተካ፣ ካሳ ተጽፈዋል። እህትሽ «ካሳ የሚባል ሕፃን የት አየሽ?» ያለችው ልክ ናት፤ ስሙ ግን ከክፍልሽ አልወጣም፣ ሁለት አምድ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ ተቀምጧል። የእነዚህ ተማሪዎች ልጆች በሚመዘገቡበት ዓመት ደግሞ ከገጹ ሊወጣ ይችላል።

ስሙን ከመጀመሪያው አምድ ያወጣው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ዘመናዊነት ነው ይላል። እኔ ግን ዋናው ምክንያት የሕፃናት ሞት መቀነሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም የራሳችን ከተማ ድርሻ አላት። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው፤ ከዚያ አንድ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ጨርሶ ስለነበር ከተማዋ ለዚህ ሥራ ተመረጠች። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ሐኪም ረግጦት ወደማያውቅ ገጠር ሲልክ ኖረ። ፈንጣጣ በ1968 ዓ.ም. ከአገራችን ጠፋ። በ1972 ዓ.ም. የሕፃናት ክትባት በፕሮግራም ተጀመረ፤ ኩፍኝ፣ ትክትክና መንጋጋ ቆልፍ አንድን ቤት በአንድ ክረምት ባዶ ማድረጋቸው እየቀነሰ መጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመደቡ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ከስድስት አንዱ መሆኑ ቀርቶ ከአሥራ አምስት አንዱ ሆነ ማለት ነው። የሞተ ልጅ ያለበት ቤት ሲያንስ ካሳ የሚባል ልጅ ያለበት ቤትም ያንሳል።

ይህን ቁጥር የጻፍኩልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ልጁን ለቀበረች እናት የቀነሰ ቁጥር ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ሐዘንሽን ከአማትሽ ሐዘን የተለየ የሚያደርገው አንዱ ነገር ይኸው ነው። በእሳቸው ጊዜ ልጅ ያልቀበረች እናት በመንደሩ ውስጥ ጥቂት ነበረች፤ ካሳ ወይም ተካ የሚባል ልጅ በየጓሮው ሲሮጥ የስሙን ትርጉም ልብ ብሎ የሚሰማ አልነበረም፣ እንደማንኛውም ስም ይጠራ ነበር። አንቺ ግን ከጓደኞችሽ መካከል በዚህ ሐዘን ምናልባት ብቻሽን ነሽ። ዛሬ አንድን ሕፃን ካሳ ስትይው ሰሚው ሁሉ «የምን ካሳ?» ብሎ ያስባል፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ በክትባት ሰልፍ ላይ፣ በታክሲ ውስጥ ሰው ይጠይቅሻል። ስሙ ያልተለመደ በመሆኑ ትርጉሙ ተመልሶ ጎላ። አማትሽ ሲሰጡት ቀላል የነበረው ስም ለአንቺ የከበደው አንቺ ደካማ ስለሆንሽ ሳይሆን በዙሪያሽ ያለው ዘመን ስለተለወጠ ነው። ይህ ነጥብ ከሽማግሌ ስምነቱ ይልቅ እጅግ የሚያሳስብ ነው።

ሌሎቹን ምክንያቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ዘመናዊ ትምህርት ከተስፋፋ ወዲህ የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች፣ ቀድሞ በክርስትና ስምነት ተሸፍነው ይኖሩ የነበሩት ጭምር፣ የዕለት መጠሪያ ሆነው ወጡ። በደርግ ዘመን አብዮትና ትግል የመሰሉ ስሞች መጥተው ከዘመኑ ጋር አለፉ። በቅርቡ ደግሞ ከግእዝ የሚመረጡ ስሞች ተወድደዋል። የከተማ ወላጅ ቀስ በቀስ የቤቱን ታሪክ የሚናገር ስም ትቶ በየትኛውም ቤት ሊጠራ የሚችል ስም መምረጥ ጀመረ። እኔ በበኩሌ በዚህ አዝናለሁ፤ ደሳለኝና አለልኝ ቤቱን ይነግሩን ነበር፣ የዛሬዎቹ ስሞች ከሚያምረው ድምፃቸው በቀር ስለ ቤቱ የሚነግሩን ጥቂት ነው። ስሙ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የጠፋበት መንገድም ነበር። ከጎንደር ዙሪያ፣ ከወለቃና ከአምቦበር አካባቢ ወጥተው በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ እንደደረሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፤ እናታቸው ያወጣችላቸው የአማርኛ ስም ከመዝገቡ ወጣ። ካደጉ በኋላ የቀድሞ ስማቸውን መልሰው የያዙ አሉ፤ የስም ነገር እንዲህ በቀላሉ የማይተው መሆኑን ከእነሱ መረዳት ይቻላል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ ይህ ነው። ካሳ ዛሬ ብዙ ጊዜ የአያቶች ስም መሆኑ እውነት ነው። ይሳቁበታል የሚለው ግን አያሳስብሽ። ሕፃናት በማንኛውም ስም ለጥቂት ቀን ይሳለቃሉ፣ ከዚያ ይረሱታል፤ ናታን የሚባሉ ብዙ በሆኑበት ክፍል ውስጥ ካሳ የሚባል አንድ ልጅ ሲጠራ ዘወር የሚለው እሱ ብቻ መሆኑም አይጎዳውም። ናታንም ቢሆን የዛሬ ስድሳ ዓመት የሽማግሌዎች ስም ይሆናል፤ የዛሬዎቹ ሕፃናት አርጅተው ያን ጊዜ ሌላ ስም ይወደዳል። ስለዚህ ለአማትሽ «ስሙ ያረጀ ነው» ብለሽ እንዳትመልሺ እለምንሻለሁ። ይህን ስትያቸው የሚሰሙት ሌላ ነው፤ ባህላቸውን፣ ከዚያም አልፎ የራሳቸውን ልጅ ስም፣ የነቀፍሽባቸው ነው የሚመስላቸው።

አማትሽ ምን እያሉ እንደሆነ በደንብ እንመልከት። ሁለት ልጆች ቀብረዋል። በእሳቸው ዘመን ገና ያልጠና ሕፃን ሲሞት እንደ ትልቅ ሰው ድንኳን ተጥሎ አይለቀስለትም ነበር። ጎረቤት «እግዜር ይካስሽ» ብሎ ይመለሳል፣ እናት በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ማጀቷ ትገባለች፣ ስለ ልጁ ከዚያ ወዲያ የሚያነሳ የለም። ቀጥሎ የሚወለደውን ካሳ ወይም ምትኩ ማለት ለእንዲህ ያለች እናት ያ የሞተው ልጅ ነበረ ብላ በአደባባይ የምትመሰክርበት ብቸኛ መንገድ ነበር። ከባለቤትሽ በፊት የነበሩት ሁለቱ ልጆች ምናልባት በማንም መዝገብ ላይ የሉም፤ የሚገኙት በባለቤትሽ ስም ውስጥ ነው። ስለዚህ አማትሽ የአንቺን ልጅ ካሳ ሲሉት የመጀመሪያውን የልጅ ልጃቸውን እየረሱ አይደለም። እሳቸው በሚያውቁት መንገድ እያከበሩት ነው። ቅር ያሰኘሽ ነገር ከፍቅር የመጣ መሆኑን ብታውቂ ንግግሩ ይቀልልሻል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን ካሳ የሚለውን ስም መጠሪያው እንዳታደርጊው እመክርሻለሁ። አንድ ልጅ በቀን ስንት ጊዜ በእናቱ አፍ እንደሚጠራ አንቺው ታውቂዋለሽ፤ ሲበላ፣ ሲወድቅ፣ ሲያጠፋ፣ ሲተኛ። ይህ ሕፃን ስሙ በተጠራ ቁጥር የእናቱ ፊት ሲለወጥ እያየ ማደግ የለበትም፤ ሕፃናት ምክንያቱን ባያውቁትም ፊትን ያነባሉ። አንቺም ሐዘንሽን በራሱ ጊዜና ቦታ ማዘን ሲገባሽ በየደቂቃው መቀስቀስ የለብሽም። ስሙን የምትተይው ስላረጀ አይደለም፤ አንቺ ገና ስላልዳንሽ ነው፣ ይህም በቂ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ላንሳ። በደብዳቤሽ ውስጥ የአማትሽ ምርጫ አለ፣ ያንቺም ምርጫ አለ፤ የሞተው ልጅሽ ስም ግን የለም። «የመጀመሪያ ልጄ» ብለሽ ሁለት ጊዜ ጠቅሰሽዋል፣ በስሙ አልጠራሽውም። ይህ ለእኔ ለማላውቅሽ ሰው መጻፍ ስላልፈለግሽ ከሆነ መብትሽ ነው። በቤታችሁም ስሙ የማይነሳ ከሆነ ግን ቀስ ብላችሁ መልሱት። ፎቶግራፉ ካለ ይታይ፣ የሙት ዓመቱ ይታሰብ፣ ይህ ሁለተኛው ልጅ ነገር ማወቅ ሲጀምር እንዲህ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረህ ተብሎ ይነገረው። የመጀመሪያው ልጅሽ በራሱ ስም የሚታወስ ከሆነ ታናሹ የእሱን መታሰቢያ በስሙ ላይ መሸከም አያስፈልገውም። አማትሽም ስሙ እንዲህ ሲነሳ ከሰሙ የፈሩት መረሳት እንዳልደረሰ ስለሚያዩ በካሳ ላይ ያላቸው አቋም ሊላላ ይችላል ብዬ አስባለሁ።

ስለ ባለቤትሽ ዝምታ ሳልናገር ባልፍ ግን ምክሬ ጎዶሎ ይሆናል። ስሙን እዚህ አልጠቅሰውም፤ ከምትኩ፣ ከተካ፣ ከማስረሻ ወገን መሆኑን ማለት ግን ይበቃል። በቤታችሁ ውስጥ በእንዲህ ያለ ስም መኖር ምን እንደሚመስል ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እስካሁን ያልተጠየቀውም እሱ ነው። ሰላም ለመጠበቅ ብሎ ዝም ማለቱ ይገባኛል፣ በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታው ሁለታችሁንም እየጎዳ ነው። ለእሱ ስሙ ኩራት ሆኖለት ይሆናል፤ ለሁለት ወንድሞቹ ሲል መልካም ሰው ለመሆን እንደተጋ ይነግርሽ ይሆናል። ወይም ደግሞ ልጅ ሳለ እናቱ እሱን እያዩ ስለ ሌሎች ሲያለቅሱ ማየት ከብዶት ያውቅ ይሆናል። የትኛውም ቢሆን መልሱን ከማንም በፊት አንቺ ልትሰሚው ይገባል፤ ማታ ሕፃኑ ሲተኛ «አንተ በስምህ እንዴት ነበርክ?» ብለሽ ጠይቂውና እስኪጨርስ አታቋርጪው። ደግሞም ልጃችሁ ማንኛውንም ስም ቢይዝ ሁለተኛ ስሙ የአባቱ ስም ነው፤ አማትሽ የሚፈልጉት መታሰቢያ በልጁ ሙሉ ስም ውስጥ አስቀድሞ አለ። ባለቤትሽ ይህን ለእናቱ በራሱ አንደበት ቢነግራቸው ከአንቺ ከመስማት ይልቅ ይቀልላቸዋል።

ከዚያ በኋላ አማትሽን አንቺው አነጋግሪያቸው። አራስ ጠያቂ በተሰበሰበበት፣ ቡና በተፈላበት ሰዓት አይሁን፤ ሰው ፊት የተባለ «አይሆንም» ይከብዳቸዋል። ለብቻችሁ ስትሆኑ ከዚህ በሚቀርብ ቃል ንገሪያቸው፦ «እማማ፣ ያወጡለትን ስም ጠልቼው አይደለም። በጠራሁት ቁጥር የቀበርኩት ልጅ እየመጣብኝ ነው። ይህን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅልኝ የለም።» ቀጥለሽም የሞቱባቸውን የሁለቱን ልጆች ስም ጠይቂያቸው። ምናልባት ለብዙ ዓመት ማንም አልጠየቃቸው ይሆናል። ካለቀሱ አብረሽ አልቅሺ፤ ቸኩለሽ ወደ ስሙ ጉዳይ አትመለሺ።

እሳቸው ግን ልጁን ካሳ ብለው መጥራታቸውን እንዲቀጥሉ ፍቀጂላቸው። በአገራችን አያት በአንድ ስም፣ አክስት በሌላ፣ ካህኑ በክርስትና ስሙ ሲጠሩት ያደገ ሰው ብዙ ነው፤ ለሕፃኑ አያደናግረውም። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ስሙ የአያትና የልጅ ልጅ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል፤ አንቺ እንድትጠሪው አትገደጂም። ምናልባት ከዓመታት በኋላ ልጁ ራሱ «አያቴ ያወጣችልኝ ስም» ብሎ ሊወደው ይችላል፤ ያን ጊዜ ምርጫው የእሱ ይሆናል።

ስለ ናታን አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ስሙን የወደድሽው ከዚህ ክርክር በፊት ነው ወይስ ከካሳ የሚያርቅሽ መስሎሽ ነው? ከፊት የወደድሽው ከሆነ ያዢው፣ መልካም ስም ነው። ለመሸሽ ብቻ ከሆነ ግን ከባለቤትሽ ጋር ሌሎችንም አስቡ። በረከት፣ ሲሳይ፣ ጸጋዬ የመሰሉ ስሞች በዚህ ቤት ደስታ መግባቱን ይናገራሉ፣ ማንንም ግን በማንም ቦታ አይተኩም፤ አማትሽም ለጆሯቸው አይጎረብጣቸውም።

ስለ ጊዜው አትጨነቂ። በአርባኛው ቀን የሚሰጠው የክርስትና ስም ከመጠሪያ ስሙ የተለየ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ መወሰን አለብን ብላችሁ አትጣደፉ። የሚያስገድዳችሁ የልደት ምዝገባው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከወለድሽበት ጤና ተቋም የሚሰጠውን የልደት ማሳወቂያ ይዛችሁ ወደ ቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ትሄዳላችሁ፤ እዚያ የተጻፈው ስም በኋላ በትምህርት ቤትም በፓስፖርትም ስለሚከተለው እና ማስለወጥ ቢያስፈልግ የፍርድ ቤት ውሳኔ ስለሚጠይቅ ፊደሉን ሳይቀር አረጋግጡ። ምናልባት ከተነጋገራችሁ በኋላ ካሳን የምትመርጡ ከሆነ፣ ይህም የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም፣ በሳ ይሁን በሣ አንዱን ወስናችሁ በሁሉም ሰነድ ላይ እሱኑ አስጽፉ። ባለቤትሽ ስለ ስሙ የሚያስበውን ሳይነግርሽ ግን ወደ ቀበሌ አትሂዱ።